«ኔትወርክ ነው» ወይስ ሰርቨሩ? የአፓቼ ጄሜትር የሪፖርትና የግራፍ ማውጫ ሲገመገም

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ በመስኮት ፊት ለጉዳዩ የተሰለፈ ሰው «ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ሳይሰማ የሚከርምበት ወር ጥቂት ነው። ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠው ሠራተኛ ከዚህ የበለጠ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ ልንቀየመው አይገባም። ሲስተሙን የሠራው ባለሙያ ሲጠየቅ «ኔትወርክ ነው» ይላል፤ መስመሩን የሚከታተለው ባለሙያ በበኩሉ «መስመሩ ደህና ነው፤ ሰርቨራችሁን ተመልከቱ» ብሎ ይመልሳል፤ ባለጉዳዩም በሁለቱ መካከል ቆሞ ይውላል። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሶፍትዌር እየሠራሁ የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ፣ በዚህ ክርክር ውስጥ ቦታዬ ከመጀመሪያው ወገን ነበር፤ «ኔትወርክ ነው» የሚለውን ቃል ምንም ሳልመረምር የተናገርኩባቸው ቀኖችም ብዙ ናቸው። ይህ ግምገማ ያንን ክርክር በእኔው ላይ ስለፈረደው መሣሪያ ነው።

መሣሪያው አፓቼ ጄሜትር ይባላል። ሥራው ብዙ ተጠቃሚዎች በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ሲስተም የገቡ አስመስሎ ጥያቄ መላክና ሲስተሙ በስንት ጊዜ እንደመለሰ መመዝገብ ነው፤ በሙያው ቋንቋ የጭነት ሙከራ የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ስቴፋኖ ማዞኪ የጀመረው ሲሆን፣ ዛሬ በአፓቼ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ሥር ይተዳደራል፤ በጃቫ የተጻፈ፣ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) እና ያለ ክፍያ የሚወርድ ነው። ለረጅም ዘመን ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። ሙከራውን ካካሄዱ በኋላ እጅዎ ላይ የሚቀረው በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ መስመሮች ያሉት ደረቅ ፋይል ነበር፤ ከዚያ ፋይል ሰው የሚያነበው ነገር ለማውጣት ወይ ወደ ኤክሴል ማስገባት፣ ወይ ሌላ ተጨማሪ ፕለጊን መፈለግ፣ ወይም ፋይሉን ወደ ድረ ገጽ የሚቀይር አብነት ከሌላ መሣሪያ ጋር ማገናኘት ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው 3.0 እትም ይህንን ቀየረው፤ ሙከራው ሲያልቅ ሠንጠረዦችና ግራፎች ያሉት ሙሉ ሪፖርት በራሱ የሚያወጣ ክፍል ተጨመረበት። እኔ የምገመግመው ይህንን ክፍል ነው፤ የተጠቀምኩበትም እትም 5.6.3 ነው።

መሣሪያውን እንድይዝ ያስገደደኝ ደሴ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ ነው። የተማሪዎች ምዝገባ ሲስተሙን የሠራነው እኛ ነን፤ በምዝገባው የመጀመሪያ ጧት ሲስተሙ ተንቀራፎ ተማሪዎች እስከ ቀትር ቆሙ። የሬጅስትራር ኃላፊው ዕድሜያቸው የገፋ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። ስልክ ደውለው ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ እንደ ልማዴ፣

«ጋሼ፣ ኔትወርኩ ነው» አልኳቸው።

«አብሽር ልጄ፣ አልተቆጣሁም» አሉኝ። «ነገር ግን አምናም ኔትወርክ ነው ያልከኝ አንተው ነህ። ኔትወርኩ መሆኑን በምን አወቅህ?»

መልስ አልነበረኝም። ያን ቀን ማታ ጄሜትርን አወረድኩ፤ 100 ሜጋባይት የማይሞላ ስለሆነ በእኛም መስመር ብዙ አላስጠበቀኝም።

ወደ ሪፖርቱ ከመግባቴ በፊት ለጀማሪ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ጄሜትር ሲከፈት መስኮት አለው፤ በዚያ መስኮት ውስጥም በቀጥታ የሚንቀሳቀሱ ሠንጠረዦችና ግራፎች ስላሉ ሰው በእነሱ ይታለላል። መስኮቱ ሙከራውን ለማዘጋጀት እንጂ ለማካሄድ የታሰበ አይደለም፤ የመሣሪያው መመሪያ ራሱ ይህንን በግልጽ ያስጠነቅቃል። እያንዳንዱን ምላሽ በመስኮቱ ላይ እያሳየ ሲሮጥ የኮምፒውተሩን ሜሞሪ ስለሚበላ፣ የሚለካው የሲስተሙን ዝግታ ሳይሆን የራሱን ድካም ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው መንገድ በተርሚናል አንድ መስመር ትእዛዝ መጻፍ ነው፦ ያለ መስኮት እንዲሠራ «ሰረዝ ኤን»፣ የሙከራውን ዕቅድ እንዲያነብ «ሰረዝ ቲ»፣ ውጤቱን በፋይል እንዲጽፍ «ሰረዝ ኤል»፣ ሲጨርስ ሪፖርቱን እንዲያወጣ «ሰረዝ ኢ»፣ ሪፖርቱን የሚያስቀምጥበትን ፎልደር ለማሳየት ደግሞ «ሰረዝ ኦ» ይባላል። ከዚህ በኋላ ቡና አፍልቶ መጠበቅ ነው። አቦሉ ሳያልቅ ሪፖርቱ በብራውዘር የሚከፈት ገጽ ሆኖ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ለእኛ አገር ሰው ከሁሉ የሚጠቅመውን ነገር አስቀድሜ ላመስግን። ገጹ ሲከፈት ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ግራፎቹን የሚሥለው ኮድ ሁሉ ከሪፖርቱ ጋር በፎልደሩ ውስጥ ይቀመጣል። መስመር በሌለበት ቀን፣ በፍላሽ ይዤ በሄድኩበት ቢሮ ሁሉ ተከፍቶልኛል። ነገር ግን ፎልደሩ ሙሉውን መሄድ አለበት። አንድ ቀን ቸኩዬ ዋናውን ገጽ ብቻ ነጥዬ በቴሌግራም ለጓደኛዬ ላክሁለትና፣ ግራፍ የሌለው፣ ቀለሙ የጠፋ፣ ጽሑፉ እንደ ተበተነ ጤፍ የሆነ ገጽ ደረሰው። ፎልደሩን በዚፕ አጭቆ መላክ ይህንን ይፈታዋል።

የመጀመሪያው ገጽ በላዩ ላይ ያለው ክብ ግራፍ የተሳኩትንና የወደቁትን ጥያቄዎች በመቶኛ ያሳያል። እኔ ይህንን ግራፍ አልወደውም፤ እንዲያውም ብቻውን ለኃላፊ ባይታይ ይሻላል ባይ ነኝ። በመጀመሪያው ሙከራዬ ክቡ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ሆኖ መጣ፤ እኔም ለአፍታ ደስ አለኝ። ሲስተማችን በተጨናነቀ ጊዜ «እባክዎ ጥቂት ቆይተው ይሞክሩ» የሚል ገጽ በትሕትና ይመልስ ነበር፤ ገጹ የተላከው ደግሞ ሁሉ ነገር ሰላም ነው በሚለው 200 ኮድ ነው። ጄሜትር ኮዱን አይቶ «ተሳክቷል» ብሎ ቆጠረው። ተማሪው ሳይመዘገብ፣ ሪፖርቱ አረንጓዴ። ስህተቱ የመሣሪያው ሳይሆን የእኔ ነው፤ በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ምላሹ ውስጥ «ምዝገባዎ ተጠናቋል» የሚል ጽሑፍ መኖሩን የሚያረጋግጥ ማጣሪያ ማከል ነበረብኝ። ካከልኩ በኋላ የክቡ ሰፊ ክፍል ቀይ ሆነ፤ የስህተቶቹም ሠንጠረዥ ከክቡ ሥር በየዓይነታቸው ዘረዘራቸው። ማጣሪያ ያልተደረገበት ሙከራ የሚያወጣው ሪፖርት ምንም ያህል ቢያምር ዋጋ የለውም።

ከክቡ ጎን አፕዴክስ የሚባል ሠንጠረዥ አለ። የተጠቃሚዎችን እርካታ ከ0 እስከ 1 ባለ አንድ ቁጥር ለመግለጽ የተዘጋጀ መለኪያ ነው። በነባሪው አቀማመጥ ከ500 ሚሊሰከንድ በታች የተመለሰለት ጥያቄ እንደረካ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1500 ሚሊሰከንድ የቆየው እንደታገሠ፣ ከ1500 ያለፈው ወይም የወደቀው ደግሞ እንደተማረረ ይቆጠራል፤ የታገሠው በግማሽ ይያዛል። ለምሳሌ ከ100 ጥያቄ 60ው ከረኩ፣ 30ው ከታገሡና 10ሩ ከተማረሩ፣ 60 እና የ30 ግማሽ 15 ተደምረው ለ100 ሲካፈሉ 0.75 ይሆናል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ልኩ ግን ለእኛ ተጠቃሚ የተሰፋ አይደለም። በስልኩ ዳታ ከገበያ መሐል ሆኖ የሚመዘገብ ተማሪ ሁለት ሰከንድ ቢጠብቅ አያማርርም፤ እኔም ወሰኖቹን በመሣሪያው ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ወደ 1500 እና 4000 ከፍ አደረግኋቸው። ይህንን የሚያደርግ ሰው ግን ከሙከራው በፊት ያድርገው። ውጤቱን ካየ በኋላ ወሰኑን ማላላት ሚዛኑን በአውራ ጣት እንደሚጫን ነጋዴ መሆን ነው።

ቀጥሎ ያለው የቁጥር ሠንጠረዥ የሪፖርቱ አከርካሪ ነው። ለእያንዳንዱ የጥያቄ ዓይነት አማካዩን፣ ትንሹን፣ ትልቁን፣ መካከለኛውን፣ ከዚያም 90ኛ፣ 95ኛና 99ኛ ፐርሰንታይሉን ያስቀምጣል። አማካይ የሚባለው ቁጥር ሰውን እንዴት እንደሚያታልል ለሬጅስትራሩ ያስረዳሁት በወረቀት ላይ ነበር፦ አሥር ተማሪ ቢመጣ፣ ዘጠኙ በ200 ሚሊሰከንድ ቢስተናገዱና አሥረኛው 8200 ሚሊሰከንድ ቢጠብቅ፣ አማካዩ ልክ 1000 ሚሊሰከንድ ወይም አንድ ሰከንድ ይወጣል። ከአሥሩ ግን አንድ ሰከንድ የጠበቀ አንድም ሰው የለም። 90ኛ ፐርሰንታይል ከመቶ ጥያቄ ዘጠናው በዚህ ጊዜ ወይም ከዚህ ባነሰ እንደተመለሰ ይናገራል፤ 95ኛውና 99ኛው ደግሞ ከዚያም አልፈው ስለሚሄዱ ጭራ ላይ የቀረውን ተማሪ አይደብቁትም። «እንግዲያው አማካዩን ለምን ይጽፉታል?» ብለው ጠየቁኝ፤ ፍትሐዊ ጥያቄ ነው።

ግራፎቹ በሦስት ክፍል ተመድበዋል፦ በጊዜ ሂደት የሚለወጡትን የሚያሳዩ፣ ሲስተሙ በሰከንድ የሚያስተናግደውን መጠን የሚያሳዩና የምላሽ ጊዜውን ስርጭት የሚያሳዩ። ብዛታቸው ለጀማሪ ያደናግራል፤ ግማሾቹን እስካሁን አንድም ቀን አልፈለግኋቸውም። የእኔን ክርክር የፈረዱት ሦስቱ ናቸው፤ በእነሱም ላይ ትንሽ ልቆይ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎን ለጎን መታየት አለባቸው። አንደኛው ከሰርቨሩ ጋር ለመገናኘት ብቻ የወሰደውን ጊዜ በደቂቃ በደቂቃ ይሥላል፤ ሁለተኛው ጥያቄው ከተላከበት ቅጽበት ጀምሮ የመጀመሪያው ምላሽ እስኪደርስ ያለውን ቆይታ ይሥላል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን በውስጡ ይይዛልና ልዩነታቸው የሚናገረው በአብዛኛው ሰርቨሩ ለማሰብ የወሰደውን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። መስመሩ ደካማ ከሆነ ሁለቱም አብረው ይወጣሉ። በእኔ ሙከራ፣ ከ1 ተነስቼ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተጠቃሚውን ወደ 100 ሳደርስ፣ የመገናኛው መስመር ከግራ እስከ ቀኝ መሬት ለመሬት ተኝቶ ቀረ፤ የቆይታው መስመር ግን ብቻውን ወጣ። ኔትወርኩ ደህና ነበር። አምናም ደህና ነበረ ማለት ነው፤ ይህንን በምሽት ለብቻዬ ሆኜ ሳየው ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሙከራው የተከፈተውን ግንኙነት ሳይዘጋ ደጋግሞ እንዲጠቀም ከታዘዘ፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ በኋላ ያሉት የመገናኛ ጊዜያቸው ዜሮ ሆኖ ይመዘገባል፤ አማካዩም ከእውነቱ በታች ይወርዳል። መስመሩን መመርመር የፈለገ ሰው ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ ግንኙነት እንዲከፈት አድርጎ መሞከር አለበት። እኔም እንዲህ አድርጌ ደገምኩት፤ ፍርዱ አልተለወጠም።

ሦስተኛው ግራፍ በአግድሙ ጊዜን ሳይሆን በአንድ ጊዜ የገቡትን ተጠቃሚዎች ቁጥር፣ በቁሙ የምላሹን ጊዜ ያስቀምጣል። ከሁሉም የምወደው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሲስተሙ የሚሰበርበትን ቦታ በጣት ያሳያል። የእኛው መስመር መጀመሪያ ላይ እንደ ኮምቦልቻ ሜዳ ተዘርግቶ ሄደ፤ ከዚያ ተጠቃሚዎቹ ሲበዙ ሐረጎን እንደሚወጣ መንገድ ሽቅብ ያዘ። ለምን እዚያ ላይ እንደታጠፈ ግራፉ አይነግርም፤ የት እንደሚፈለግ ግን ይነግራል። ሲስተማችን መረጃው ከሚከማችበት ዳታቤዝ ጋር የሚገናኝበት ሂካሪሲፒ የተባለው ክፍል፣ በነባሪው ቢበዛ 10 ግንኙነት ብቻ ይከፍታል፤ እኛም ቁጥሩን ነክተነው አናውቅም ነበር። አሥሩ ሲያዙ አሥራ አንደኛው ተማሪ ይሰለፋል። ይህ ሰልፍ በመስኮቱ ፊት ያለው ሰልፍ ሳይሆን በኮዳችን ውስጥ የተደበቀ ሌላ ሰልፍ ነበር። አንድ ዘገምተኛ የዳታቤዝ ጥያቄም ግንኙነቶቹን ረጅም ጊዜ ይይዛቸው ነበር፤ ዋናው ጥፋት እርሱ ነው። እርሱን አስተካክለን፣ የግንኙነቱንም ቁጥር በመጠኑ ጨምረን ስንሞክር ዳገቱ ወደ ቀኝ ሸሸ።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልምጣ። ትልቁ ቅሬታዬ በነባሪው የነጥብ ርቀት ላይ ነው። ግራፎቹ አንድ ነጥብ የሚያስቀምጡት በየ60 ሰከንዱ ነው። ለአንድ ሰዓት ሙከራ ይህ ደህና ነው፤ ለአምስት ደቂቃ ሙከራ ግን አምስት ወይም ስድስት ነጥብ ብቻ ይሰጥና በመካከል የተፈጠረውን መንቀጥቀጥ ሁሉ ይለስነዋል። በመጀመሪያው ቀን ግራፉ ባዶ የመሰለኝ ለዚህ ነው። በማስተካከያው ፋይል ርቀቱን ወደ 5000 ሚሊሰከንድ ስቀንሰው ወደ 60 የሚጠጋ ነጥብ አገኘሁ፤ መስመሩም እውነተኛ ቅርጹን አሳየ። ከ1000 ሚሊሰከንድ በታች ግን መውረድ አይገባም፤ በሰከንድ የሚቆጥሩት ግራፎች የተሳሳተ ቁጥር ያወጣሉ። መሣሪያው የሙከራውን ርዝመት አይቶ ይህንን በራሱ ቢወስን ምን ነበረበት?

ሁለተኛው ቅሬታዬ ሪፖርቱ ለስክሪን እንጂ ለወረቀት አለመታሰቡ ነው። ኃላፊ በእኛ ዘንድ ወረቀት ይወዳል፤ በደብዳቤ ላይ አባሪ ሆኖ መዝገብ ቤት የሚገባ ነገር ይፈልጋል። ፒያሳ ካሉት የኮፒ ቤቶች በአንዱ ገብቼ ገጾቹን በጥቁርና ነጭ ባሳትማቸው፣ በስድስት ቀለም የተለዩት ስድስት መስመሮች አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ተጠላለፉ፤ የትኛው መግቢያ፣ የትኛው ክፍያ ማረጋገጫ እንደሆነ እኔ ራሴም መለየት አልቻልኩም። የኮፒ ቤቱ ልጅ «ወንድምዬ፣ በከለር ላውጣልህ?» አለኝ፤ የከለሩን ዋጋ ሰምቼ ተመለስኩ። መፍትሔው ከእያንዳንዱ ግራፍ ሥር ባሉት ምልክቶች የማይፈለጉትን መስመሮች አጥፍቶ፣ አንድ ገጽ ላይ አንድ ወይም ሁለት መስመር ብቻ አስቀርቶ፣ ግራፉን በራሱ ምናሌ በምስልነት ማስቀመጥ ነው። ሥራው አሰልቺ ቢሆንም የወጣው ወረቀት ለማንም ይነበባል።

ሦስተኛው የሰዓት ነገር ነው። የግራፉ የግርጌ መስመር ሰዓቱን የሚጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ወረቀቱን ለሬጅስትራሩ ሳቀርብ መነጽራቸውን አድርገው ጥቂት ካዩት በኋላ፣

«ይህ 8 ሰዓት ከ40 ይላል» አሉኝ። «ትናንት በ8 ሰዓት ከ40 እዚህ ከእኔ ጋር በረካ እየጠጣህ አልነበረም እንዴ?»

ሙከራው የተካሄደው ጧት በ2 ሰዓት ከ40 ነበር። ከዚያ ወዲህ በማትማቸው ግራፎች ሁሉ ግርጌ የኢትዮጵያን ሰዓት በእስክሪብቶ እጽፋለሁ።

በአማርኛ በኩል ነገሩ ግማሽ ለግማሽ ነው። ለጥያቄዎቹ የሰጠኋቸው የአማርኛ ስሞች፣ «መግቢያ»፣ «የትምህርት ምርጫ»፣ «ክፍያ ማረጋገጫ» የሚሉት፣ በሠንጠረዡም በግራፉም ላይ ፊደላቸው ሳይሰበር ወጥተዋል፤ ይህ ብቻ ለኃላፊዎች ማስረዳቱን እጅግ አቀለለልኝ። የሪፖርቱን ርዕስ በማስተካከያው ፋይል ውስጥ በአማርኛ ስጽፈው ግን የተመሰቃቀለ ምልክት ሆነ። እንዲህ ያሉ ፋይሎችን ጃቫ የሚያነብበት ነባር ልማድ የላቲን ፊደልን ብቻ ታሳቢ ያደረገ ስለሆነ፣ እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ቁጥሩ መጻፍ ግድ ይላል። የሠንጠረዦቹና የግራፎቹ የራሳቸው መጠሪያዎች ደግሞ በእንግሊዝኛ ናቸው። የገጹ አብነቶች ከመሣሪያው ጋር በአንድ ፎልደር ተቀምጠው ስለሚመጡ፣ ኤችቲኤምኤል የሚያውቅ ሰው ገጹን ለራሱ መሥሪያ ቤት በሚስማማ መልክ ሊያስተካክለው ይችላል፤ ኦፕን ሶርስ የመሆኑ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል።

ስለ መብራት ካልተናገርኩ ግምገማው ለእኛ አገር አልተጻፈም ማለት ነው። ከሙከራዎቼ በአንዱ፣ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው መብራት ጠፋ፤ ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ዴስክቶፕ ስለሆነ ሁሉም ነገር አብሮ ጠፋ። ሪፖርቱ የሚወጣው በሙከራው ማብቂያ ስለሆነ ምንም ያልቀረልኝ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ጄሜትር የውጤቱን ፋይል እየሮጠ ሳለ ስለሚጽፈው፣ መብራቱ ሲመጣ ፋይሉ በቦታው ነበር፤ የጠፋው መጨረሻ ላይ ገና ወደ ዲስክ ያልወረደው ጥቂት ብቻ ነው። ካለ ፋይል ሪፖርት ለማውጣት «ሰረዝ ጂ» የሚባል ትእዛዝ አለ። ያንን ስሰጠው መሣሪያው እምቢ አለ፤ 17 ዓምድ እጠብቃለሁ፣ ያገኘሁት ግን ያነሰ ነው የሚል መልእክት ጻፈ። ፋይሉን በጽሑፍ ማረሚያ ከፍቼ ወደ መጨረሻው ብወርድ፣ የመጨረሻው መስመር መሐሉ ላይ እንደ ክር ተበጥሶ ቀርቷል። ያንን አንድ መስመር ሰርዤ ትእዛዙን ደገምኩ፤ ሪፖርቱ ወጣ። ሰው ይህንን ባለማወቁ የሰዓታት ሙከራ እንደሚጥል አልጠራጠርም፤ መሣሪያው የተበጠሰውን የመጨረሻ መስመር ዘሎ ቢቀጥል ይሻል ነበር።

በሌላ ቦታ ደግሞ ግትርነቱን ወድጄዋለሁ። ሪፖርቱ የሚገባበት ፎልደር ባዶ ካልሆነ፣ ወይም የውጤቱ ፋይል ቀድሞ የተጻፈበት ከሆነ፣ ሥራውን አይጀምርም። መጀመሪያ ላይ ያናድዳል። የትናንቱንና የዛሬውን ውጤት አደባልቆ አንድ ግራፍ ከመሥራት ግን የሚያድን ጥበቃ ነው። እኔ ለእያንዳንዱ ሙከራ ቀኑንና ሰዓቱን የያዘ አዲስ ስም እሰጣለሁ፤ «አስገድደህ ጻፍ» የሚለውን አማራጭ ልምድ ለሌለው ሠራተኛ አላስተምርም።

ሌሎች አማራጮች የሉም ማለት አይደለም። ጋትሊንግ የሚባለው መሣሪያ ያለ ምንም ማስተካከያ የሚያወጣው ሪፖርት ለዓይን ከጄሜትር ይበልጣል፤ ነገር ግን ሙከራውን በኮድ መጻፍ ይጠይቃል። ሎከስት ፓይተን በተባለው የኮድ ቋንቋ ለሚጽፍ ሰው የተመቸ ሲሆን፣ ሙከራው እየተካሄደ ሳለ በብራውዘር ቀጥታ ግራፍ ያሳያል። ጄሜትርም ቀጥታ ማሳየት ከተፈለገ ውጤቱን ኢንፍለክስዲቢ ወደተባለ ዳታቤዝ ልኮ ግራፋና በተባለ የግራፍ ማሳያ ማየት ይቻላል፤ ለሦስት ሰው ቢሮ ግን ይህ ለአንድ ጀበና ሙሉ ድግስ መደገስ ነው። ከሦስታችን አንዷ ኮድ የማትጽፍ በመሆኗ፣ በመስኮት ማዘጋጀትን የሚፈቅደው ጄሜትር ለእኛ የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል፤ ዛሬ ሙከራዎቹን የምታዘጋጀው እርሷ ናት።

ከማስተካከያው በፊትና በኋላ የተደረጉትን ሁለት ሙከራዎች በአንድ ግራፍ ላይ ደርቦ ማሳየት አለመቻሉ አሁንም ይቆጨኛል። ለሬጅስትራሩ ሁለት የብራውዘር መስኮት ጎን ለጎን ከፍቼ ነው ያሳየኋቸው፤ የሁለቱ ግራፎች ቁመት መለኪያ የተለያየ ስለነበር፣ የተሻሻለው ዝቅ ብሎ እንዲታይ የጎኑን ቁጥሮች በጣቴ እየጠቆምኩ ማስረዳት ግድ ሆነብኝ። ካዩ በኋላ፣ ከመሣሪያው ጋር የቆየሁበትን ወር ሁሉ ያልጠየቅሁትን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ይህ አንተ ኮምቦልቻ ቢሮህ ሆነህ የለካኸው ነው። ከሐይቅ ከተማ በስልኩ የሚመዘገበው ልጅስ?»

ግራፉ የሚያውቀው በሞካሪው ኮምፒውተርና በሰርቨሩ መካከል ያለውን መንገድ ብቻ ነው። በማግሥቱ ቅዳሜ ላፕቶፔን ይዤ ሐይቅ ሄድኩ፤ ስልኬን እንደ መስመር ተጠቅሜ፣ ሌሎች ተማሪዎችም መስመሩን በሚጠቀሙበት የምሽት ሰዓት፣ ሰርቨሩ እንዳይጨነቅ በአምስት ተጠቃሚ ብቻ፣ ያንኑ ሙከራ አስኬድኩ። ሪፖርቱ ሲከፈት የመገናኛው መስመርና የቆይታው መስመር ተያይዘው ወጡ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከኮምቦልቻው ብዙም አልሰፋም። ለጋሼ እዚያው ሆኜ ደወልኩላቸውና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ማስረጃ በእጄ ይዤ «ኔትወርክ ነው» አልኳቸው።